የግራው ስፒከር

ባልና ሚስትን የሚያጣላ ነገር ሞልቷል። ሐሜት አለ፣ መጠጥ አለ፣ አማት አለች። እኔን ከባለቤቴ ሊያለያየኝ የነበረው ምን እንደሆነ ያወቅኩት ግን የጭነት መኪናዬን ስፒከር ላሠራ ሄጄ ነው። ለሰው ሁሉ እየሳቅሁ የማወራው ዛሬ ነው እንጂ፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰላሳ ዓመት አልሞላኝም። ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ከማርታ ጋር እንኖራለን። እሷ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነች። እኔ ከነተሳቢው አንድ ትልቅ ፊያት ይዤ አሰብ እመላለሳለሁ። መኪናው የሰው ነው። ጋቢናው ግን የእኔ ነበር። መጋረጃውን የመረጥኩት እኔ፣ የወንበሩን ልብስ ያሰፋሁት እኔ፣ ቴፑን ያስገባሁት እኔ። በመጨረሻ አሰብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ኢኳላይዘር ገዛሁ። ኢኳላይዘር ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በተርታ የተደረደሩ ትናንሽ ተንሸራታች ቁልፎች አሉት። በአንዱ ወፍራሙን ድምፅ፣ በሌላው ቀጭኑን፣ በመሃሎቹ ደግሞ የሰውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ታደርጋለህ። ቴፑ ላይ ያለችው ባላንስ የምትባል ክብ ቁልፍ ደግሞ ድምፁን ወደ ግራው ወይም ወደ ቀኙ ስፒከር ታደላለች። ሙዚቃ ሲገባ አረንጓዴና ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሚሌ በረሃ ላይ ያቺን መብራት እያዩ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል።

ማርታ ግን ኢኳላይዘሩን ስታይ፣ «ለእሱ ጆሮ አለህ ማለት ነው» ብላ ወደ ቤት ገባች። ነገሩ አልገባኝም። ነገር እየወረወረች እንደሆነ ብቻ ነው የገባኝ።

ማርታ የመዘምራን ልጅ ነች። የተዋወቅነውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን የጴንጤ ናት ተብላ በደርግ ተዘጋች፣ በሩ ታሸገ። እኛም በየሰው ቤት፣ መጋረጃ ዘግተን፣ በሹክሹክታ መዘመር ጀመርን። በሹክሹክታ መዘመር ከባድ ነው። ለእኔ በተለይ አልሆነልኝም። አንድ ቀን ጸሎቱን የሚመሩልን ጋሽ ኤርሚያስ ጎተት አድርገው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና፣

«ልጄ ታምሩ፣ ዘመርክ ወይስ ጡሩንባ ነፋህ?» አሉኝ።

«ኧረ በቀስታ ነው የዘመርኩት፣ ጋሼ!»

«በቀስታ? ቀበሌ ድረስ ነው የተሰማኸው። ልታስበላን ነው እንዴ? ለትንሽ ጊዜ ቤትህ ሆነህ ጸልይ።»

ቅር አለኝ። ማርታ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበረች። በሹክሹክታ መዘመር ስትለምድ በሹክሹክታ ማውራትም ለመደች። ድሮም ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን እንደ ነፋስ ሆነ።

ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። አንዳንዴ ወደ ገፈርሳ ወይም ወደ ሱሉልታ አጭር ጭነት ሲኖረኝ አብራኝ ትሄዳለች። ጋቢና ውስጥ ስንሆን ተረት እንደሚያወሩ ልጆች ነን። ሆዳችን እስኪታመም እንስቃለን። ቤት ስንገባ ግን ዝም። ምግብ ላይ ዝም፣ አልጋ ላይ ዝም። እኔ «አኮረፈች» እላለሁ። እሷ ደግሞ አንድ ቀን፣ «መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ነህ፣ ቤት ሌላ ሰው ነህ» አለችኝ። «ከመኪናው ጋር ብትጋባ ይሻል ነበር።»

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ማርታ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ እያጠፈች ትከታለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሰኞ ሆሳዕና እሄዳለሁ። ወንድሜ ጋ።»

«ለምን? ስንት ቀን?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አላውቅም፣ ማርታ። በእግዚአብሔር ስም አላውቅም!»

«እግዚአብሔርን ተወው» አለችና የሹራቧን እጅጌ ማጠፏን ቀጠለች። «ባለፈው እሁድ የነገርኩህን ነገር ሰምተህ እንደዚያ ከመለስክልኝ፣ ሌላ የምንነጋገረው የለንም።»

እሁድን አሰብኩት። ከጋሽ ኤርሚያስ ቤት ልወስዳት ሄጄ ቁልቁለቱን አብረን ወርደናል። ፀሐይ ነበር። ስለ ተሳቢው ጎማ እያሰብኩ ነበር። የነገረችኝ ነገር ትዝ ሊለኝ አልቻለም። «ምን ነበር ያልሽኝ?» ብል ደግሞ ሻንጣውን እላዬ ላይ የምትወረውረው መሰለኝ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አንድ ዘዴ መጣልኝ። አትሳቁ፤ ሹፌር ዘዴ የሚመጣለት መሪ ሲይዝ ነው። ማርታ እኔ ከሁሉ የምወደውን ካሴት ታውቀዋለች። ቤተ ክርስቲያን ሳይዘጋ መዘምራኑ የተቀዱበት ነው። ባለ ሁለት ማይክ መቅጃ ተውሰው፣ አንዱን ማይክ በሴቶቹ በኩል፣ አንዱን በወንዶቹ በኩል አቁመው ነበር የቀዱት። ስለዚህ ካሴቱ ሲከፈት ሴቶቹ በግራ ስፒከር፣ ወንዶቹ በቀኝ ስፒከር ይመጣሉ። ማርታ ከፊት ነበረች የቆመችው፤ ከሴቶቹ መሃል የእሷ ድምፅ ጥርት ብሎ ይለያል። ሰኞ በአውቶቡስ አትሄድም፣ እኔ ነኝ የማደርሳት አልኩ። ጋቢና ገብታ የገዛ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ሲቀበላት፣ ድንጋይም ብትሆን ትላላለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወዲህ ወንበር ሥር ደብቄው የኖርኩትን ካሴት አውጥቼ ከፈትኩት። ወንዶቹ ብቻ። ሴቶቹ ከእንጦጦ ማዶ ያሉ ይመስል በሩቁ ይሰማሉ። ማርታ ጭራሽ የለችም። ባላንሷን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ ቀጭኑን ቁልፍ እስከ ላይ ገፋሁት። ምንም። የግራው ስፒከር ሞቷል ማለት ነው። ወደ ልብ ወዳጄ ወደ ከድር ነዳሁ።

ከድር የወሎ ሰው ነው። ዋናው መንገድ ላይ ባትሪና አምፑል የሚሸጥበት፣ ከጀርባው ሬዲዮና ቴፕ የሚያድስበት ሱቅ ነበረው። መኪናውን በሩ ላይ ሳቆም ወጥቶ፣ «አሁንማ ቆምክልኝ! ሰሞኑን ስትወርድ 'ታምሩ፣ ታምሩ' ብዬ ስጣራ ዝም ብለኸኝ አላለፍክም? ኢኳላይዘር ከገዛህ ወዲህ ኮራህ አቦ!» አለኝ።

«ኧረ አልሰማሁህም» አልኩና ችግሬን ነገርኩት። የማርታን አይደለም፤ የስፒከሩን።

ጋቢናው ገብቶ የሾፌሩን በር ሽፋን ፈታ። ሽቦውን ነካካ፣ ስፒከሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ደህና ነው።»

«አይደለም።»

«እሺ እንለውጠው።» የቀኙን ስፒከር አውጥቶ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጠመ። ካሴቱን ከፈትኩት። ያው ነው። ወንዶቹ አሉ፣ ሴቶቹ የሉም።

«ሽቦው ነው» አልኩት።

ሽቦውን በአዲስ ለወጠ። ያው ነው።

«ኢኳላይዘሩ ነው እንግዲህ። መርከበኛው አታሎሃል» አለና ኢኳላይዘሩን ነቅሎ ቴፑን በቀጥታ ከስፒከሮቹ ጋር አገናኘው። አሁንም ያው ነው። ከድር ራሱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ ዓይኑን ከፈተና ወደ እኔ ዞረ።

«ታምሩ፣ ልታሾፍብኝ ነው የመጣኸው?»

«እንዴት?»

«ወላሂ ሴቶቹ እየጮሁ ነው! ባላንሱን ወደ ግራ አብዝተህ ሰጥተኸዋል እኮ። ወንዶቹን ነው እኔ ያጣሁት።»

«አንተ ሱቅ ውስጥ ስትበይድ ውለህ ጆሮህ ደንቁሯል» አልኩት።

«የእኔ ጆሮ? የእኔ ጆሮ ትንኝ ስታዛጋ ይሰማል!»

በዚህ ተካረርን። ኢኳላይዘሩን መልሰን ገጠምን። ሁለቱንም በር በረገድንና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። ያ ካሴት መንገድ ላይ የሚከፈት ካሴት እንዳልሆነ በክርክሩ ሙቀት ሁለታችንም ረስተነዋል። ከድር እንደውም መዝሙር መሆኑን ገና ሲሰማ አውቆ፣ «እኔ የማውቀው ስፒከር ነው፤ ሌላውን አልሰማሁም» ብሎ ዓይኑን ጠቅሶኝ ነበር።

ቀና ስል ጓድ ሽፈራው መንገዱን ተሻግሮ እየመጣ ነው። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም። በዚያን ጊዜ በመዝሙር ካሴት የታሰረ ሰው አውቃለሁ። እጄን ወደ ቴፑ ስሰድ ከድር ያዘኝ።

«አታጥፋው። ካጠፋኸው ይጠረጥራል» አለና በአንድ መዳፉ የኢኳላይዘሩን የመሃል ቁልፎች በሙሉ ቁልቁል ጎተታቸው።

እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መዝሙሩ ሳይቋረጥ ቃሉ ጠፋ። የኦርጋኑ ድም ድም አለ፣ የቀጭኑ ድምፅ ሽውታ አለ፣ ሰው እንደሚዘምርም ይታወቃል። የሚዘመረው ስለ ጌታ ይሁን ስለ ጤፍ ግን አይለይም።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» አለ ጓድ ሽፈራው።

«የመሞከሪያ ካሴት ነው፣ ጓድ» አለ ከድር ፈጠን ብሎ። «ስፒከር እያስተካከልን ነው። እንደውም ጥሩ መጡ። ይፍረዱን። እሱ የግራው አይሠራም ይላል፣ እኔ ይሠራል እላለሁ።»

በሆዴ «ከድር ገደልከኝ» አልኩ። ጓድ ሽፈራው ግን ፍረድ ሲባል ደስ የሚለው ሰው ነበር። ጠመንጃውን ለከድር አስያዘውና ጋቢናው ላይ ወጥቶ መሪዬን ጨብጦ ተቀመጠ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። እኔ መሬት ቆሜ ፊቱን አያለሁ። ከአፉ የምጠብቀው «ይህ የጴንጤ ነው» የሚለውን ነበር።

«ኧረ ይሄ በግራ በኩል ያለው ጆሮዬን ሊበሳው ነው!» አለ ፊቱን አጨማዶ። «ሴቶቹ ወንዶቹን ዋጧቸው እኮ!»

«አላልኩህም?» አለ ከድር ወደ እኔ ዞሮ።

«ግን ቃሉ አይሰማም» አለ ጓድ ሽፈራው።

«እሱ ነው እኮ የተበላሸው» አለ ከድር።

ጓድ ሽፈራው ወረደ፣ ጠመንጃውን ተቀበለ። «ቀበሌ ያለውም ድምፅ ማጉያ እንደዚሁ ነው። ሊቀ መንበሩ ሲናገሩ ቃሉ አይሰማም። መጥተህ እየው» ብሎት ሄደ። ቁልቁል ወርዶ ከዓይናችን እስኪጠፋ አልተነፈስንም። ከዚያ ከድር የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሳቁ ሲያልፍ ከድር ጣቱን ቀሰረብኝ። «ቆይ እንጂ ታምሩ። እኔ በግራ ይጮሃል አልኩ። ሰውየው በግራ ይጮሃል አለ። አንተ ብቻ ነህ አይሰማም ያልከው።» ተነሳ። «ግባና ተቀመጥ። አይደለም፣ ዙር።»

«ወዴት ልዙር?»

«ፊትህን ወደ ወንበሩ፣ ጀርባህን ወደ መሪው።»

ወንበሬ ላይ ተንበርክኬ፣ በኋላው መስታወት ተሳቢውን እያየሁ ቆየሁ። መንገደኛ ያያል፣ ይስቃል። ከድር የመሃል ቁልፎቹን መልሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካሴቱን ከፈተ።

ማርታን ሰማኋት።

ጥርት ብላ፣ ልክ አጠገቤ የቆመች ያህል። ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ ይሰማል። ወንዶቹ ደግሞ በተራቸው ጠፉ። ለጥቂት ጊዜ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ሰማኋት። ያ የሾፌር በር ላይ ያለው ስፒከር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሞቷል ያልኩት፣ አሁን በቀኝ ጆሮዬ በኩል ነበር።

ከድር የእጅ ሰዓቱን ፈታና ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረገው። ቲክ ቲክ ይላል። ወደ ግራው አዞረው። ቆመ።

«ሰዓትህ ቆመ» አልኩት።

«አልቆመም፣ ወንድሜ» አለ ከድር። ከዚያ ወዲህ አላሾፈብኝም። «ስፒከርህ ደህና ነው። ጆሮህ ነው።»

መጀመሪያ የፈራሁት ለእንጀራዬ ነው። በአንድ ጆሮ አሰብ ይኬዳል? ከድር ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። «ለካ ስጠራህ የኖርኩት በግራህ ነው! ስትወርድ ሱቄ በግራህ ነዋ! እኔ ኮራብኝ እያልኩ ሳማህ ከርሜያለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ይህን ሲል ነው ማርታ የመጣችብኝ። ጋቢና ውስጥ በቀኜ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥ ምግብ ላይ በግራዬ፣ አልጋ ላይ በግራዬ፣ መንገድ ስንሄድ በግራዬ። መኪናውን እዚያው ትቼ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ከድር ከኋላዬ የሆነ ነገር ጮኸ፤ አልሰማሁትም፣ ይህንንም በየትኛው ጆሮዬ እንዳልሰማሁ አላውቅም።

ማርታ ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ማርታ፣ ካውያውን አስቀምጪውና ነይ።»

«ምን ሆነሃል? ምን ያስሮጥሃል?»

ወንበር ስቤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ፣ ቀኝ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። «ከኋላዬ፣ በግራዬ በኩል ቁሚና የፈለግሽውን ነገር ተናገሪ። እንደ ወትሮሽ በቀስታ።»

«አብደሃል እንዴ?» የሚለው እንደ ሹክሹክታ ደረሰኝ፤ ጮክ ብላ መሆን አለበት። ከዚያ ጸጥ አለ። ጠበቅሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት እያየሁ ጠበቅሁ። ተቀይማ የወጣች መሰለኝ።

«ጀምሪ እንጂ» አልኩ በመጨረሻ።

መልስ የለም። ዞር ስል እዚያው ቆማለች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እንባዋ ጣቶቿ ላይ ይወርዳል።

«ጨርሻለሁ እኮ» አለች።

«ምን አልሽ?»

ዞራ በቀኜ መጣችና ተንበርክካ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። «እሁድ የነገርኩህን ነው የደገምኩት። ልጅ ልንወልድ ነው አልኩህ።»

ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ ብዬ ስንት ጊዜ ጻፍኩት፣ ስንት ጊዜ ሰረዝኩት። ወንበሩ ከነእኔ መሬት የለቀቀ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ።

«እሁድ ስትነግሪኝ ምን ብዬ መለስኩልሽ?»

ማርታ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። «ዝም ብለህ ትንሽ ሄድክና፣ 'ይሄ ጎማ መለወጥ አለበት' አልከኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሰኞ ለሆሳዕና የተባለው መንገድ ወደ ሆስፒታል ሆነ። ሐኪሙ የግራው ጆሮዬ ከልጅነት ሕመም የተጎዳ እንደነበር፣ የሞተር ጩኸትና የመስኮት ነፋስ ደግሞ ቀስ በቀስ እንደጨረሰው ነገረኝ። «አይመለስም» አለኝ። ቀኙን እንድጠብቀው መከረኝ። ለመኪናው ባለቤት እውነቱን ተናገርኩ። በግራ በኩል አንድ ትልቅ መስታወት አስጨመረልኝና፣ «አሁን በዓይንህ ስማ» አለኝ። እንደዚያው እየሰማሁ ብዙ ዓመት ነዳሁ። ጋሽ ኤርሚያስም ሲነገራቸው ራሳቸው መጥተው ወሰዱኝ። በጸሎት ጊዜ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፤ ድምፄ ከፍ ሲል ጉልበቴን ቸብ ያደርጉኛል። ልጃችን ስትወለድ አዋላጇ በግራ ክንዴ ልታስታቅፈኝ ስትል ማርታ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «በቀኝ! በቀኝ ስጪው!» ብላ ጮኸች። ማርታ ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ምክር ሰጪ አይደለሁም። ሹፌር ነኝ። ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰው ስታናግሩት መልስ ካልሰጣችሁ፣ ከመቀየማችሁ በፊት እስቲ ዞራችሁ በሌላው በኩል ሞክሩት። እኔና ማርታ እንዋደድ ነበር፤ ሁለታችንም በየበኩላችን «ተጠላሁ» ብለን አምነን ልንለያይ የቀረን አንድ እሁድ ነበር። መሃላችን ጥፋት ያለበት ሰው አልነበረም። ስንት ቤት እንዲህ ሆኖ እንደፈረሰ ሳስበው ይጨንቀኛል።

ይህን ስላችሁ ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም ማለቴ አይደለም። ትናንትናም ተጣልተናል። አሁን ግን ማርታ ልትቆጣኝ ስትፈልግ መጀመሪያ ወንበሯን ታነሳለች፣ ዞራ በቀኜ ታስቀምጣለች፣ ተደላድላ ትቀመጣለች። ከዚያ ነው የምትጀምረው።